ባለድርሻ ያለ ድርሻ

«ባለድርሻ አካላት» የሚባል ፍጥረት አለ። ከዜና አይጠፋም። ዘወትር ይወያያል፣ ዘወትር ይስማማል፣ በመጨረሻም «የበኩሉን ድርሻ እንዲወጣ» ጥሪ ይተላለፍለታል። ስም የለው፣ መልክ የለው፣ ሲቆጣም ታይቶ አይታወቅ። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼን፣ ገጸ ባሕርይ ማለት የሚፈልገው ነገር ያለው፣ እሱን ለማግኘትም ከሌላው ጋር የሚጋጭ ሰው ነው እያልኩ አሰለች ነበር። በዚህ መስፈርት ባለድርሻ አካላት ገጸ ባሕርይ ሊባል አይችልም። ደራሲው በጠቀሰው ቁጥር ከመድረኩ ጥግ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» የሚል አጃቢ ነው።

እስቲ ቃሉን ገልጠን እንየው። ድርሻ ማለት ተካፍሎ የሚደርስ ነገር ነው። ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ሲካፈሉ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻው ይባላል። ድርሻ ያለው ሰው «አልሸጥም» ሊል ይችላል፤ «ድንበሬን አለፍክ» ብሎ ሊከስ ይችላል፤ ሲያሰኘው አኩርፎ ከሽማግሌ ፊት ሊነሣ ይችላል። የእኛ ባለድርሻ ግን የሚደርሰው አዳራሹ ውስጥ አንድ ወንበር፣ አንድ ውሃ በፕላስቲክ፣ ቀናው ከሆነም የቀን አበል ነው። አበሉን ፈርሞ ሲወስድ ፖሊሲውንም አብሮ ፈረመ ይባላል።

ይህን ያነሣሁት አሁን ባለድርሻው ዲጂታል ሊሆን ስለሆነ ነው። የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ በየዐውደ ጥናቱ ከምሰማቸው አዳዲስ ነገሮች አንዱ ፖሊሲን ከሕዝብ ጋር ሆኖ በኮምፒውተር «ሞዴል ማድረግ» የሚባለው ነው። ሞዴል ለእኛ እንግዳ ቃል አይደለም። ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ሞዴል 19ን እና ሞዴል 22ን ያውቃል፤ በአንዱ ዕቃ ይገባል፣ በሌላው ዕቃ ይወጣል። ሞዴል አርሶ አደርም ነበረን። ይህኛው ሞዴል ግን ሰው ገብቶ ቁጥር ሆኖ የሚወጣበት ነው።

ሐሳቡ በራሱ ክፉ አይደለም። ግድብ ቢሠራ፣ መንደር ቢዛወር፣ መሬት ለባለሀብት ቢሰጥ ከ10 ዓመት በኋላ ምን ይመጣል? ውሃው፣ ሰዉ፣ ከብቱ፣ የገበያ ዋጋው እንዴት እንደሚነካኩ ኮምፒውተር ላይ ይጻፋል። ከዚያ «እንዲህ ብናደርግስ?» እየተባለ ይሞከራል። ሕዝቡም በታብሌት፣ በስልክ፣ በስብሰባ የሚያውቀውን እየነገረ ሞዴሉን ከባለሙያው ጋር ይሠራል። መቼም ሰውን ሜዳ ላይ ጥሎ ከመሞከር ኮምፒውተር ላይ ሞክሮ መሳሳት ይሻላል። እዚህ ድረስ ጠብ የለኝም።

ጠቤ ሌላ ቦታ ነው። ጥያቄውን የመለወጥ መብት ለሌለው ሰው የመልስ መስጫ መሣሪያ ማደል ተሳትፎ አይባልም። ቅጽ ማስሞላት ነው። ለዚህ ምስክር የምጠራው ጋምቤላን ነው፤ ምክንያቱም ነዋሪው ያልገባበት ሞዴል ምን ይዞ እንደሚመጣ ጋምቤላ ላይ በእውን ተሞክሯል፤ ያውም ከአንድ ጊዜ በላይ።

በደርግ ዘመን አቦቦ አጠገብ የአልዌሮ ግድብ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተሠራ። ውሃውን አቁሮ ሰፊ እርሻ ያጠጣል ተባለ። ግድቡ አለቀ፤ ውሃውም ተጠራቀመ፤ የታሰበው እርሻ ግን ለብዙ ዓመታት ሳይመጣ ቀረ። ያኔ መሣሪያው ወረቀትና ማስመሪያ ነበር።

ቀጥሎ ካርታና የሳተላይት ምስል መጣ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ «ሰፊ ያልታረሰ መሬት» የሚለው ሐረግ በጋምቤላ ስም ላይ እንደ ቅጽል ተለጠፈ። የፌዴራል መንግሥት የመሬት ባንክ አቋቁሞ መሬቱን ለባለሀብቶች ማቅረብ ጀመረ። ሳተላይት ከላይ ሆኖ ሲያይ ያልታረሰ መሬትና ያረፈ መሬት አንድ ዓይነት ናቸው። አኙዋኩ መሬቱን የተወሰነ ዓመት አርሶ ጉልበቱ እንዲመለስለት ያሳርፈዋል፤ ካርታው «ባዶ» ይላል። ኑዌሩ በበጋ ከብቶቹን ወደ ወንዝ ዳር ሣር ያወርዳል፤ ካርታው የተነሣው በሌላው ወር ከሆነ ከብትም ሰውም የለም። ማጃንጉ ቀፎውን ጫካ ውስጥ ከዛፍ ሰቅሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ቀፎ ደግሞ ከሰማይ አይታይም። «ባዶ መሬት» የምትለዋን ቃል የጻፈ ሰው ውሸት ለመጻፍ አስቦ ላይሆን ይችላል። ያየውን ነው የጻፈው። የሚያውቀውን ሰው ግን አልጠየቀም።

ውጤቱን ታስታውሳላችሁ። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. የሕንዱ ካሩቱሪ ኩባንያ በኢታንግና በጅካዎ 100 ሺ ሄክታር መሬት ለ50 ዓመት ተፈራረመ። ኪራዩ ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር ነበር። ውሉ በተፈረመ በዓመቱ ገደማ ባሮ ሞልቶ ወጣና ወደ 12 ሺ ሄክታር የሚጠጋ በቆሎ በላ። ኩባንያው ኪሳራውን በ15 ሚሊዮን ዶላር ገመተው። ውሃ የሚከለክል ግንብ ሠርቶ ነበር፤ ባለሙያም ቀጥሮ ነበር። ባሮ በክረምት ወዴት እንደሚሄድ ግን የኢታንግ ልጅ ሁሉ ያውቃል። አሮጌ ምሳሌያችን «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ይላል፤ እዚህ ግን ላም በዋለበት በቆሎ ተዘራ። ውሉም በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. በመንግሥት ተሰረዘ።

የሚያስቀውና የሚያሳዝነው ደግሞ ከዚያ በኋላ መንግሥት ራሱ ባስጠናው ጥናት በጋምቤላ የብዙ ባለሀብቶች መሬት አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ መገኘቱ ነው። አንድ መሬት ለሁለት ሰው! ካርታ አለ፣ ጂፒኤስ አለ፣ ማኅተም አለ፣ ባንክም አበድሯል። መሬቱ የማን እንደነበረ የሚያውቀው ጎረቤት ግን ከወረቀቱ ላይ የለም። የሰፈር ሽማግሌ ድንበር ሲያካልል አንዱን ማሳ ለሁለት ሰው ቢሰጥ በማግስቱ በከዘራ ይሞገታል። ጂፒኤስን በከዘራ የሚሞግት የለም።

እዚህ ላይ «ታዲያ ያኔ ተሳትፎ ስላልነበረ ነው፤ አሁን እኮ ሕዝቡን እናሳትፍ ነው የምንለው» የሚል አይጠፋም። ቆይ እንጂ! ያኔም ተሳትፎ ነበረ። ስሙ ነበረ ማለቴ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በጋምቤላ 45 ሺ አባወራዎችን በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ተሰባሰቡ መንደሮች የማስፈር ዕቅድ ወጣ። መንግሥት ሁሉም በፈቃዱ ነው አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2004 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ሰዎች ተገደው ተነሥተዋል አለ። በዚያው ዘመን የዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሾች የሚደግፉት የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ነበር። በውስጡም «ማኅበራዊ ተጠያቂነት» የሚባል ክፍል ነበረው፤ ዜጎች ለትምህርት ቤቱና ለጤና ጣቢያው አገልግሎት ነጥብ የሚሰጡበት ነው። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ሰው ስለ ጤና ጣቢያው ነጥብ መስጠት ሲችል፣ ጤና ጣቢያው ወዳለበት መንደር መሄድ ይፈልግ እንደሆነ የሚጠየቅበት ሣጥን ከሌለ ነጥቡ ምን ያደርግለታል? ከአገር የተሰደዱ አኙዋኮች በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ አቤቱታቸውን ለባንኩ የቁጥጥር ፓነል አቀረቡ። ፓነሉም መርምሮ ባንኩ በፕሮግራሙና በመንደር ማሰባሰቡ መካከል ያለውን ግንኙነትና አደጋ በራሱ ደንብ መሠረት እንዳልመዘነ ጻፈ። አቤቱታው ሰሚ ያገኘው እነዚያ ሰዎች ከተዘጋጀው ቅጽ ወጥተው በራሳቸው ቃል ስለጻፉ ነው። ይህን አንርሳ።

ስክሪኑም ቢሆን አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ፕላዝማ ገባላቸው። የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ክፍሉ መለሰም አልመለሰም «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። ያውም በእንግሊዝኛ። በዚያው ዘመን ወረዳዎችን ከአዲስ አበባ ጋር በምስል የሚያገናኝ ወረዳ ኔት ተዘረጋ። ቴክኒኩ ለሁለት ወገን ንግግር ይበቃ ነበር፤ ወሬው ግን ባመዛኙ ከላይ ወደ ታች ፈሰሰ። ገመዱ ምንም አላጠፋም። የላይኛው የመናገር፣ የታችኛው የማዳመጥ ልማድ ከገመዱ በፊት የተዘረጋ ነው። ታብሌት ይህን ልማድ ያድሰዋል እንጂ አይሽረውም። ዲጂታሉ ባለድርሻም የፕላዝማ ተማሪ እንዳይሆን ነው ፍርሃቴ፤ ዝም ቢልም «በጣም ጥሩ!» የሚባልለት።

እስቲ አንድ የኢታንግ አዛውንት ታብሌት ቀረበላቸው እንበል። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ለግብርና ኢንቨስትመንት በተለየው መሬት ላይ የትኛው ሰብል ቢለማ ይመርጣሉ? ሀ. ሩዝ፣ ለ. በቆሎ፣ ሐ. ጥጥ፣ መ. ሌላ»። አዛውንቱ በአኙዋክኛ፣ «ማን ለየው?» ብለው ይጠይቃሉ። አስተርጓሚው ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። ወጣቱ ባለሙያ ትንሽ ያስብና «መ»ን ይነካል። አለቀ። የአንድ አገር ሰው የሕይወት ሙግት «ሌላ» ሆኖ ከሪፖርቱ ግርጌ ገባ። ወጣቱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ «ማን ለየው?» ለሚል መልስ ሣጥን ስላልተሠራ ነው። ሞዴል የሚባለው ነገር ዋናው ፖለቲካ እዚህ ላይ ነው ያለው። ሣጥኖቹን የሠራ ሰው መልሱን አብሮ ሠርቶታል። የተቀረው ማቅለም ብቻ ነው።

ከሣጥኑ ቀጥሎ ቆጠራው ይመጣል። ሞዴል ያለ ቁጥር አይሠራም። የጋምቤላን ሕዝብ ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠርነው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ 307 ሺ 96 ሰው ተመዘገበ። ለቀጣዩ ቆጠራ ታብሌቶች ተገዙ፣ ሠራተኞች ሠለጠኑ፣ ቆጠራው ግን ተራዘመ፣ ደግሞም ተራዘመ፤ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተላለፈና እንደቀረ ቀረ። በሌላ በኩል በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በክልሉ መጠለያዎች የገቡት ስደተኞች ከ300 ሺ አልፈዋል። እነሱ የጣት አሻራቸውና የዓይናቸው ብሌን ተመዝግቧል። ስደተኛው ለእርዳታ ሲባል አንድ በአንድ ይታወቃል፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ባላገር በሩብ ምዕት ዓመት ግምት ይታወቃል ለማለት ጥቂት ነው የቀረን። በዚህ ላይ ጋምቤላ ውስጥ ቁጥር ማለት የወንበርና የበጀት ጉዳይ ነው፤ ስንት ኑዌር፣ ስንት አኙዋክ፣ ስንት ደገኛ የሚለው ጥያቄ ሰው ያጣላል። ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ አያውቅም። የተሰጠውን አሮጌ ቁጥር ይዞ እስከ ሁለት ነጥብ ዴሲማል ያሰላል።

ከቁጥሩ ደግሞ ፍርሃቱ። በታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የተጀመረውን ግድያ የሚያውቅ ሰው፣ ስሙና ስልኩ በተመዘገበበት መሣሪያ ላይ «አልስማማም» የሚለውን ይነካል ወይ? የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን የሞቱት 65 ናቸው ሲል የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ከ400 በላይ አድርሰውታል። በአስከሬን ቁጥር እንኳ ያልተስማማን ሰዎች ነን። በእንዲህ ዓይነት አገር ዝምታም መልስ ነው፤ ሞዴሉ ግን ዝምታን እንደ ስምምነት ይቆጥረዋል ወይም ይዘለዋል። መስመሩ ራሱ ደግሞ በአንድ ሌሊት ይቆረጣል፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ አገር በሙሉ ኢንተርኔት ሲዘጋበት አይተናል። ድምፅህን የምትሰጥበትን ገመድ የምትወቅሰው ሰው ከያዘው፣ ተሳትፎህ የእሱ ችሮታ ነው።

የወዳጆቼን መልስ አውቀዋለሁ። «አንተ ሰውዬ፣ ሁሉንም ካልተሟላ አትጀምሩ ትላለህ። ከምንም ጥቂት አይሻልም?» ይሉኛል። አይሻልም። ጭራሽ ያልተጠየቀ ሰው ነገ ፍርድ ቤት ቢቆም፣ ጋዜጣ ቢያገኝ፣ «አልተጠየቅኩም» የሚል አንዲት ንጹሕ ቃል አለችው። በታብሌት «የተሳተፈ» ሰው እሷንም ያጣል። «ይኸው በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ተሳትፈዋል» ይባላል። የይስሙላ ምክክር ከዝምታ የሚከፋው የተበዳይን ክርክር ለበዳይ ስለሚያስረክብ ነው።

መሣሪያው በደግ እጅ ምን ሊሠራ እንደሚችል ግን ልናገር። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከ2010 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ኦኮፖሞ የሚባል ፕሮጀክት ነበር። በስሎቫኪያ ኮሺሴ አውራጃ ስለ ቤት ማሞቂያ ኃይል ፖሊሲ ሞክረውታል። እኔን የሳበኝ አሠራሩ ነው። ባለጉዳዮቹ በሚያውቁት ቋንቋ ወደፊት የሚሆነውን እንደ ታሪክ ይጽፋሉ። ባለሙያዎቹ ከዚያ ታሪክ ተነሥተው የኮምፒውተሩን ሞዴል ይሠራሉ። ሞዴሉ ውስጥ ያለው ደንብም ወደ ኋላ ተከትሎ ከየትኛው ዐረፍተ ነገር እንደመጣ ሊታይ ይችላል። ይህ የሥነ ጽሑፍ ሰው የሚገባው ነገር ነው። ተረት ነጋሪ ሲያወራ «ይህን ከማን ሰማኸው?» ይባል የለም? «ከአያቴ» ይላል። ኮምፒውተርም ከማን እንደሰማ ይናገር!

ድርሻ ሲባል ደግሞ የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ አለች። በ1989 እ.ኤ.አ. ነዋሪዎቿ የከተማዋን በጀት ከፊል ራሳቸው እንዲመድቡ አደረገች። ስክሪን አልነበረም፤ አዳራሽና ክርክር ነበር። ሰዎቹ የሚካፈሉት እውነተኛ ገንዘብ ስለነበር መጡ፣ ተጣሉ፣ ተስማሙ። ባለድርሻ ማለት ያ ነው።

አሁን ወደ ባሮ እንመለስ፤ ምክንያቱም ፈተናው እዚያ እየጠበቀን ነው። የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭ ወንዞችን በኮምፒውተር የሚያሰላ የውሳኔ ድጋፍ ፕሮግራም ካስጀመረ ዓመታት ሆኑት። አዲስ አበባ የሚገኘው የምሥራቅ ናይል ጽሕፈት ቤቱም የባሮ-አኮቦ-ሶባትን ተፋሰስ አስጠንቷል። ከላይ ደጋው ላይ ግድብ የሚሠራባቸው ቦታዎች በወረቀት ላይ አሉ። ግድብ ቢሠራ ጎርፍ ይቀንሳል። ጎርፍ መቀነሱ ደግ ነው? በ2014 ዓ.ም. ክረምት ባሮ የጋምቤላን ከተማ ሲያጥለቀልቅ ቤቱ የተወሰደበት ሰው «አዎን» ይላል። ወንዙን ኦፔኖ ብሎ የሚጠራው፣ ውሃው ሲሸሽ በተወው ለም አፈር ላይ በቆሎና ማሽላ የሚዘራው አኙዋክ «ሙሉ በሙሉ ካስቀራችሁት ምን ልዝራ?» ይላል። የኑዌር ከብት የሚያድርበት የበጋ ሣርም የሚበቅለው ያ ውሃ አልፎበት ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጎርፍ ሞዴሉ ውስጥ የሚገባው «ጉዳት» በሚል ስም ብቻ ከሆነ ግን አንደኛው ሰውዬ ገና ስብሰባው ሳይጀመር ተሸንፏል።

ስለዚህ ታብሌቱን ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የምጠይቃችሁ አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሣጥኖቹ በአዲስ አበባ ተቆልፈው አይሂዱ፤ «ማን ለየው?» የሚል ሰው የጥያቄውን ርእስ መቀየር ይቻለው። ሁለተኛ፣ ንግግሩ በአኙዋክኛ፣ በኑዌርኛ፣ በማጃንግኛ ተቀድቶ ይያዝ፤ አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ቢሆንም የሰው ሐዘን የሚነገረው በሥራ ቋንቋ አይደለም። እያንዳንዱ የሞዴሉ መስመርም ከማን አፍ እንደወጣ ይታይ፤ የተናጋሪው ስም ግን ይሰወር። ሦስተኛ፣ ውጤቱ ተመልሶ ይምጣ። ሰዎቹ በተናገሩበት ዛፍ ሥር፣ «ያላችሁትን ይህን ተቀበልን፣ ይህን በዚህ ምክንያት ጣልን» ተብሎ ይነገራቸው። ጠይቆ መጥፋት የሌባ ዐመል ነው።

አራተኛውና ዋናው «አይሆንም» የሚለው ቃል በመሣሪያው ውስጥ ክብደት ይኑረው። አዛውንቱ «መሬቴን አልሰጥም» ሲሉ የሚቆም ነገር ካለ፣ ባለድርሻ ናቸው። ምንም የሚቆም ከሌለ ግን ታብሌቱን ከእጃቸው ተቀበሏቸው፤ ዝናብ ሳይመጣ የሚሠሩት ሥራ አላቸው።